ግድግዳ የሌለው ቤት

እ.ኤ.አ. በ2011 ከወደ እንግሊዝ አንድ ወሬ ተሰማ። ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ፒተር ጊሊቨር «ራን» በምትባል አንዲት ግሥ ላይ ዘጠኝ ወር ተቀምጠው 645 ትርጉም አወጡላት። ሰው ይሮጥባታል፣ ውኃ ይፈስባታል፣ ሞተር ይነሣባታል፣ ለምርጫም ይወዳደሩባታል።

ጎንደሬ በዚህ አይደነቅም። «ቤት» አለችው።

በደጋው፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል። የተጠራው ጎጆው አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች እንጂ። መዝገበ ቃላት «ቤት»ን ሲፈታ ከማደሪያ ይጀምራል። ጎንደር ላይ ግን ከሰው ቢጀምር ይቀና ነበር።

የድሮ ሰፈሮቿን ስም ማየት ነው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት ሲባል አንድ ሕንፃ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ወንጀለኛ ሮጦ እጨጌ ቤት ከገባ የሚነካው አልነበረም። መንደሩን አንድ ቤት ያሰኘው አጥር ወይም ግንብ አልነበረም፤ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሥልጣን ነው። ቤተ እስራኤልም እንደዚሁ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ የኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች ቤታቸውን ለቀው እስራኤል ቢገቡም፣ «ቤተ» የሚለው ስም አብሯቸው ሄዷል።

ነገሩ የሚጠልቀው ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሚሰጥበት ጉባኤ ቤት ሲገባ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ታች ቤት በመምህር ኤስድሮስ ስም ይታወቃል። ስሙ ከቦታ የመጣ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ዛሬ ግን ጎንደርን በዓይኑ ያላየ ሊቅ ሸዋ ወይም ጎጃም ተቀምጦ «እኔ ታች ቤት ነኝ» ይላል። የማኅሌቱ ትምህርት አቋቋምም የራሱ ላይ ቤትና ታች ቤት አለው፤ ጆሮው የሠለጠነ ሰው በዝማሜውና በከበሮው አመታት ይለያቸዋል። ተማሪ ሲገናኝ የሚጠያየቀው የማን ቤት እንደሆነ ነው፤ የሚመልሰውም የመምህሩን ስም እንጂ የሰፈሩን አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት አይፈርስም፣ አይሸጥም። ኪራይም አይጨመርበትም።

ቅኔ ቤት ከተገባ ደግሞ ሌላ ቤት ይመጣል። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ናት፤ መወድስ ስምንት። ግጥምም ቤት ካልመታ ጆሮ ይጎረብጣል። «በ» የምትባለው ፊደል ራሷ በግዕዝ ስሟ «ቤት» ነው። ግሪኮች ከፊንቄያውያን ወስደው «ቤታ» ብለዋታል፤ ፈረንጅ ፊደሉን «አልፋቤት» ሲል ሳያውቀው ግማሹን የኛን ቃል ይናገራል።

በጎንደር ፒያሳ ቃሉ ሌላ ጠባይ አለው። ቡና ቤት ገብቶ ዳሸን ቢራ የሚያዝዝ ሰው አይገርምም፤ ቡና የሚያዝዘው ይገርማል። ቡናው ያለው ከሻይ ቤት ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ወህኒ ነው። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ወህኒ የሚባል አምባ አለ። የጎንደር ነገሥታት ዙፋን ይሻማሉ ያሏቸውን ወንድ ዘመዶቻቸውን እዚያ በግዞት ያኖሩ ነበር። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1721 ከመንገሣቸው በፊት ከግዞተኞቹ አንዱ ነበሩ። ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም ይህን አምባ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጥቶ፣ በ1959 መጽሐፍ ጽፎበታል። እስር ቤት በአማርኛ «ወህኒ ቤት» የተባለው በዚህ አምባ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። መንግሥት በኋላ ስሙን ለውጦ «ማረሚያ ቤት» ብሎታል። ወህኒ ከወረቀቱ ወጣ፤ ቤት ግን እዚያው ቀረ። ሕዝቡም እስካሁን «ወህኒ ወረደ» ይላል፤ አምባው ላይ የሚደረሰው ግን በመውጣት ነበር።