ስለ መጠበቅ

«ይጠብቃል» የሚለው ቃል በጽሕፈት አንድ ሲሆን በንባብ ሁለት ነው። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ እረኛው በጎቹን ይጠብቃል፣ አባትም የልጁን መምጣት ይጠብቃል እንላለን፤ ላልታ ስትነበብ ግን ቋጠሮው የማይላላ መሆኑን ትነግረናለች። ግእዝ ለጥበቃው «ዐቀበ»፣ ለቆይታው «ጸንሐ» ብሎ ሲለያቸው፣ አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ግስ ማዋሉ በከንቱ አይመስለንም፤ የሚመጣውን በእውነት የሚጠብቅ ሰው በእጁ ያለውንም የሚጠብቅ ነውና። ጠበቃም፣ ተጠባባቂ ሹምም ከዚሁ ግስ ወጥተዋል። «የሰው እጅ ጠባቂ» የተባለ እንደ ሆነ ግን ያው ቃል ነቀፌታ ይሆናል።

ትርጓሜውን በሥራ ሊያይ የሚወድ በእንጦጦ ግርጌ ወዳለው ወደ ሽሮ ሜዳ ይውጣ። በዚያ ከጋሞ አገር፣ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ከጥንት የያዙትን ሙያ ይሠራሉ። ሸማኔው ማጉን ከመወርወሩ አስቀድሞ ድሩን ይዘረጋል፤ ድሩ የላላ እንደ ሆነ ሸማው ይበላሻል። በአንደኛው ጫፍ የጀመረው ጥለት ከሌላው ጫፍ ጋራ እንዲገጥምለትም፣ ገና ሳይደርስበት በልቡ ይቆጥረዋል። እንግዲህ እጁ ዛሬ ላይ ሳለ ዓይኑ በፊቱ ባለው ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም እንዲሁ ታስተምረናለች። ከኅዳር 15 ቀን እስከ ልደት ዋዜማ ባለው በጾመ ነቢያት፣ የክርስቶስን መምጣት በትንቢት አይተው በሥጋ ሳያዩት ባንቀላፉት አባቶች ስፍራ ታቆመናለች። የመጨረሻዎቹንም ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰይማ ደረጃ በደረጃ ትወስደናለች። ተቀምጣችሁ ቆዩ አላለችንም፤ ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ለድኃ ስጡ አለችን እንጂ።

በየቤታችን የሚታየው ግን ሌላ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን፣ ቀሚሱን የምናስበው በዋዜማው ነው። ያን ጊዜ የቤቱ አባት ወደ ገበያ ሮጦ፣ ዋጋው ተወደደ ብሎ አማርሮ፣ የጥበብን መልክ በፋብሪካ ያተሙበትን የውጭ አገር ጨርቅ ገዝቶ ይመለሳል። (ትምህርት በተከፈተ ማግሥት ደብተር የሚፈልጉትም እነዚሁ አባቶች ናቸው።) የታተመው ጨርቅ ርካሽ ነውና ድኃውን አንነቅፍበትም፤ የምናዝነው ገንዘቡ እያለው ጊዜውን ባባከነው ላይ ነው። በዚህ መካከል ሸማኔው ክሩን ገዝቶ፣ ቀኑን ሙሉ ከጉድጓዱ ሳይወጣ፣ ገዢ ይመጣልኝ ይሆን እያለ ይቆያል። ይህም መጠበቅ ነው፤ እጅግ የመረረው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ አቅሙ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ጾሙ በተያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሸማኔው ሄዳችሁ ልኩን ንገሩት፣ ቀብድም ስጡት። ለጥር 11 ቀን ያለ ጥድፊያ ያደርስላችኋል፤ ክር የሚገዛበትንም ገንዘብ ከአበዳሪ አይፈልግም። ልጃችሁንም ይዛችኋት ሂዱ፤ ቀሚሷን ገና ድር ሳለ ትየው።