ንድፉ ሳይታይ የሚሰፋው ብርድ ልብስ፦ ደስታውና ጣጣው

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በረዶው ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲከርም፣ ቤት ለሚውሉ እናቶች ቀኑ አልመሽ ይላል። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ጎልማሶች ሥራ ይውላሉ። መንገዱ በግግር በረዶ ስለሚያዳልጥ፣ ቡና አብረው የሚጠጡት ጎረቤት እንኳ የሌላ አገር ያህል ይርቃል። በዚሁ ወቅት ግን የአገሩ ሴቶች በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ጨርቅ ሲቆርጡ፣ ሲገጣጥሙና ሲጨዋወቱ ይከርማሉ። የሚሠሩት ኩዊልት ይባላል፤ ይኸውም ከላይ ከብዙ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመካከል የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ደግሞ ገበር ኖሮት፣ ሦስቱ ባንድነት የሚሰፉበት ብርድ ልብስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ከሚሰፉት ውስጥ ብዙዎቹ በሉተራን ወርልድ ሪሊፍ አማካይነት በየአገሩ ለሚገኙ ስደተኞች ይላካሉ።

ከኩዊልት ዓይነቶች አንዱ ለጨዋታ ተብሎ የሚሠራው «የምሥጢር ኩዊልት» ነው። ሰፊዎቹ የመጨረሻውን መልክ ሳያዩ ሥራ ይጀምራሉ። በመጀመሪያ የሚነገራቸው የጨርቁ መጠንና የቀለሙ ዓይነት ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ያርድ ፈዘዝ ያለ፣ ይህን ያህል ጠቆር ያለ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አንድ አንድ መመሪያ ይደርሳቸዋል። ዛሬ 100 ሦስት ማዕዘን ስፉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ 60 አራት ማዕዘን ስፉ ይባላሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነገራቸውም። ሁሉም ተሰፍቶ ሲያበቃ የመጨረሻው መመሪያ አገጣጠሙን ይገልጽና ኮከቡ ወይም ሐረጉ ብቅ ይላል። በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነችው አሜሪካዊት ቦኒ ሃንተር ለብዙ ዓመታት ከምስጋና በዓል ማግስት ጀምራ በየሳምንቱ መመሪያ ስታወጣ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰፊዎች እኩል እየተከተሏት ሰፍተዋል። በ2011 ያወጣችው «ኦርካ ቤይ» እና በ2014 ያወጣችው «ግራንድ ኢሉዥን» በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ሐበሻ ይህን ሲሰማ ፊቱን ቢያጨፈግግ አይፈረድበትም። ጨርቅ በጨርቅ ላይ መጣፍ በአገር ቤት የድህነት ምልክት ነው፤ ስሙም ድሪቶ ነው። ከድሪቶ ለመውጣት ባሕር የተሻገረ ሰው፣ አሜሪካ መጥቶ ደኅናውን ጨርቅ ቆራርጦ ድሪቶ ይስፋ ሲባል ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ለብርድ መከላከያ ብለው የጣፏቸው ኩዊልቶች በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቅለው ታይተዋል። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን በቴምብር አውጥቶታል። ሴቶቹ ድሪቷቸውን የሰፉት ለመኖር ነበር፤ ክብሩ ዘግይቶ መጣ። ስለዚህ መጣፍ በራሱ ነውር አይደለም። መጠየቅ ያለበት ማን፣ ምኑን፣ ለምን ብሎ ይጥፋል የሚለው ነው።

ለመሆኑ ንድፉን ሳያዩ መስፋት ምኑ ያስደስታል? ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ለዚህ መልስ አያጣም። ዕቁብተኛ የሚጥለውን ገንዘብ ያውቃል፤ የአባላቱን ቁጥር፣ ዳኛውንና ጸሐፊውንም ያውቃል። የማያውቀው ዕጣው ዛሬ ለማን እንደሚወጣ ብቻ ነው። ልብ የሚያንጠለጥለው፣ እሑድን በጉጉት የሚያስጠብቀውም ያ ነው። የምሥጢር ኩዊልትም እንዲሁ ነው። ሥራው በትንሽ በትንሹ ስለሚሰጥ ጀማሪዋን አያስፈራም፤ ሙሉውን ብታይ «ይህንንማ አልችልም» ብላ የምትተወውን፣ ቁራጭ በቁራጭ ትፈጽመዋለች። ባለሙያዋም ጀማሪዋም መጨረሻውን እኩል ስለማያውቁት አንዷ በሌላዋ ላይ አትኮራም። እንግሊዝኛ ላልቀናቸው እናቶች ደግሞ መቀስና መርፌ በዓይን የሚለመዱ ናቸው። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሥራቸውን ሲዘረጉ ንድፉ አንድ፣ መልኩ ግን እንደየቀለሙ ልዩ ልዩ ሆኖ ይገኛል።

በአገር ቤትም ቢሆን ጥጥ ባዝታ የምትፈትል ሴት ወራት ሙሉ በእንዝርት የለፋችበትን ፈትል ለሸማኔ ሰጥታ፣ ጋቢው ተሠርቶ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። በመካከሉ ምን እንደሚመስል አታይም፤ ግን አትጨነቅም። ሸማኔውን ታውቀዋለች፣ ከዚያ በፊት የሠራውን በጎረቤቷ ትከሻ ላይ አይታለች፣ ስንት እንደምትከፍልም ቀድማ ተነጋግራለች።

ጣጣው የሚመጣው ይህ ሁሉ ሲጎድል ነው። አንደኛው የገንዘብ ጣጣ ነው። ለኩዊልት የሚሆን ጥሩ የጥጥ ጨርቅ በያርድ ከ10 ዶላር በላይ ይሸጣል። ለትልቅ አልጋ የሚበቃ የላይኛው ገጽ ብቻ 8 ወይም 10 ያርድ ሊፈልግ ይችላል፤ ገበሩ፣ ጥጡና ክሩ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አውጥታ መጨረሻው ላልጣማት ሴት ገንዘቧን የሚመልስላት የለም።

ሁለተኛው የልክ ጣጣ ነው። የኩዊልት ስፌት ከጨርቁ ጠርዝ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ይሰፋል። በእያንዳንዱ ስፌት የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ስሕተት ቢገባ፣ 16 ስፌት ላይ ሲደርስ አንድ ሙሉ ኢንች ይዛባል። ንድፉን እያየች የምትሰፋ ሴት ስሕተቱን ቶሎ ትይዘዋለች፤ በምሥጢር የምትሰፋዋ ግን የምታውቀው 100ውን ሦስት ማዕዘን ከጨረሰች በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሥራው መፍታት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከእያንዳንዱ መመሪያ አስቀድሞ አንድ ብቻ ሰፍቶ፣ በካውያ ተኩሶ፣ ለክቶ ማየት ይበጃል። ጨርቁንም የዚያን ሳምንት ያህል ብቻ መቁረጥ፣ የተረፈውን ሳይነኩ ማቆየት ነው።

ሦስተኛው የቀለም ጣጣ ነው። ኮከቡ የሚታየው ፈዘዝ ያለውና ጠቆር ያለው ጨርቅ ሲለያዩ ነው። ሐበሻ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይወዳል፤ ቢጫው ለብቻው ጎልቶ ይወጣል፣ ጠቆር ያለ ቀይና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግን ከሩቅ ሲታዩ እርስ በርስ ይዋጣሉ። ይህን ለማወቅ ጨርቆቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማንሳት ብቻ ይበቃል፤ በፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ከመሰሉ አንደኛውን መለወጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ጣጣ ግን በገንዘብም በኢንችም አይለካም። በስደት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለፉ ሰዎች ልብስ ይቀመጣል፦ የእናት የጥለት ቀሚስ፣ የአባት ጋቢ፣ የልጅ የክርስትና ነጠላ። «ቁጭ ብሎ ከሚበላው ብል ኩዊልት ይሁን» ብሎ ማሰብ ያለ ነው፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ልብስ በምሥጢር ኩዊልት ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፤ ምን እንደሚሆን የማይታወቅ ነገር አንድ ጊዜም ለመለካት አይመችም። በእጅ የተሠራ ሸማ ደግሞ ሽመናው ላላ ያለ በመሆኑ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ በሰያፍ ሲቆረጥም ይለጠጣል። ከሱቅ የተገዛ ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የእናት ቀሚስ ግን በያርድ አይሸጥም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑ ጎረቤቶች እዚሁ ሴንት ፖል አሉ። ከ1975 በኋላ ከላኦስ የተሰደዱት የህሞንግ ሴቶች በታይላንድ የስደተኞች ካምፕ ሳሉ ጦርነቱን፣ ሽሽቱንና የሜኮንግን ወንዝ መሻገራቸውን በመርፌና በክር በጨርቅ ላይ ሥለዋል። ያ ሥራ የምሥጢር ሥራ አልነበረም፤ የሚጠልፉት ሴቶች ምን እንደሚሉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ታሪክ የሚነገርበት ጨርቅ እንዲህ፣ ታይቶና ታስቦ መሠራት አለበት። ጨዋታ የሚሆነው ጨርቅ ሌላ፣ አደራ የሆነው ጨርቅ ሌላ ነው።

እንግዲህ የምሥጢር ኩዊልት ደስታ ሆኖ እንዲቀር ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። ንድፉን ያወጣችው ሴት አስቀድማ ራሷ ሰፍታ የጨረሰችው መሆን አለበት። ወጪው፣ መጠኑና የሚፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያው መነገር አለበት። መሐል ላይ የታከታት ሴትም ያለ ወቀሳ መተው መቻል አለባት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጨዋታው ጨዋታ አይደለም።

ኢትዮጵያውያን ይህን በጨርቅ ሳይሆን በሕይወታቸው ያውቁታል። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲል ቃሉ ያማረ ነበር፤ ማን በእናት አገሩ መቅደም ይከፋል? ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። የመፈክሩ ትርጉም ኅብረተሰባዊነት መሆኑ የታወጀው ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ቀለሙ አስቀድሞ ተነገረ፣ ንድፉ ግን ከወራት በኋላ ወጣ። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ከዚያ በፊት ሠርተው ያሳዩት ነገር አልነበረም፤ ዋጋው አልተነገረም፤ በመሐል «እኔስ በቃኝ» ያለውም የደረሰበት ይታወቃል። ዛሬ በዚህ ከተማ በረዶ የሚጠርጉ ብዙ ሰዎች የዚያ መቀስ ቁርጥራጮች ናቸው። ስለዚህ ሐበሻ ያልታየ ንድፍ ሲሰጠው ቢጠራጠር ምክንያት አለው። በማኅበርም ሆነ በስፌት፣ «ገንዘቡን አዋጡ፣ መጨረሻውን ኋላ ታያላችሁ» ሲባል ሦስቱን ጥያቄ መጠየቅ ነገረኛነት አይደለም።

ጥርጣሬው ግን ሰውን ከቤት አስቀርቶ ብቻውን የሚያስከርም ከሆነ እሱም ሌላ ጉዳት ነው። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሚኒያፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የሚገኘው በ1994 የተቋቋመው ቴክስታይል ሴንተር የጨርቅ ሥራ ያስተምራል፣ ያሳያልም። በ1978 የተመሠረተው ሚኒሶታ ኩዊልተርስ የተባለው ማኅበርም አለ። ይህን ሥራ በነሐሴ መጨረሻ ለ12 ቀን በሚደረገው የሚኒሶታ ስቴት ፌር ላይ በዓይን ማየት ይቻላል።

የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና የየቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ጉባኤያት ለሚመጣው የበረዶ ወራት አንድ ትንሽ የምሥጢር ኩዊልት ቢያዘጋጁ ብዙ አይከብድም። የአልጋ ሳይሆን የሕፃን ብርድ ልብስ ይሁን፤ ጨርቁ ከሱቅ ይገዛ፤ የምትመራው ሴት አስቀድማ ሰፍታ ትጨርሰውና ትደብቀው፤ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ተጽፎ ይሰጥ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ አንድ መመሪያ ይነበብ። መኪና የሌላቸውን እናቶች የሚያመላልሱ ወጣቶች ተራ ይግቡ። መጋቢት ላይ የተሠሩት ብርድ ልብሶች በዚያ ዓመት አዲስ ለተወለዱት የማኅበረሰቡ ልጆች ይሰጡ። የእናቶች ቀሚስ ግን በቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ይቆይ፤ ባለቤቷ ምን እንደምትሠራበት በደንብ አስባ ንድፉን በወረቀት እስክታወጣ ድረስ መቀስ አይንካው።