ጥሞና በደወል አይታዘዝም

በየአገሩ የጎረምሶችና የኮረዶች ጭንቀት ሲበዛ፣ መድኃኒቱን በክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ውስጥ አገኘነው የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል። ተማሪው ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ትንፋሹን ያዳምጥ፣ ሐሳቡ ሲመጣና ሲሄድ ሳያባርረውም ሳይከተለውም ይመልከት ይላሉ። እንግሊዞች ማይንድፉልነስ የሚሉትን እኛ እዚህ የጥሞና ልምምድ ብለነዋል። ልምምዱን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ የምንነቅፈው አሰጣጡን ነው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ትምህርቱን ሲከፍት፣ የመጡለት ሕመም የጸናባቸው ዐዋቂዎች ነበሩ። በገዛ እግራቸው መጡ፤ በየቤታቸውም መለማመድ ነበረባቸው። ትምህርቱ ለልጆች አጥሮ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን፣ ፈቃዱም የቤቱ ልምምድም በመንገድ ላይ ቀሩ።

ውጤቱ በብሪታንያ ታየ። ማይሪያድ በተባለው ታላቅ ጥናት 85 ትምህርት ቤቶችና ከ8,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ተካፈሉ፤ ትምህርቱን ሲጀምሩ አብዛኞቹ ከ11 እስከ 13 ዓመት ነበሩ። ገሚሱ ትምህርት ቤት 10 የጥሞና ትምህርት ሲሰጥ፣ ገሚሱ ስለ ስሜትና ስለ አብሮ መኖር የተለመደውን ትምህርት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲታተም፣ ጥሞናው ከተለመደው ትምህርት አልበለጠም። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ በቤታቸው የተለማመዱት እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ብዙዎቹም አሰልቺ ነው አሉ።

መምህራኑ ቸል ብለው ይሆናል የሚለን አይጠፋም። መምህራኑ ግን አስቀድመው ለራሳቸው 8 ሳምንት ተምረዋል፤ ከዚያም ማስተማሪያውን 4 ቀን ሠልጥነዋል። እንዲያውም ለጊዜውም ቢሆን ድካማቸው ቀለል ማለቱ ተመዝግቧል። እንግዲህ ጥፋቱን ማን ላይ እንጫን? ልጆቹ ላይ? እኛም በዚያ ዕድሜ አልፈናል። በክፍል ውስጥ «ጸጥ በሉ» የሚለው ቃል ምን ትርጉም እንደ ነበረው አንረሳም፤ የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ የረባሽ ስም ይጽፍ ነበር። ጸጥታን እንደ ቅጣት የለመደ ልጅ፣ አንድ ቀን በድንገት ጸጥታ ዕረፍትህ ነው ቢሉት እንዴት ይመን? ዓይንህን ጨፍን ሲባልም በአጠገቡ ያለው ጓደኛው እንዳይስቅበት በአንድ ዓይኑ ይሰልላል እንጂ አይጨፍንም።

ከሁሉም የከበደብን ሌላ ነው። ይኸው ጥናት ቀድሞውኑ የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው ልጆች ትምህርቱን በመውሰዳቸው በጥቂቱም ቢሆን እንደ ባሰባቸው አመልክቷል። ምክንያቱን በእርግጠኝነት አንናገርም። ነገር ግን ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ሐሳብ ያለበትን ልጅ «ሐሳብህን ተመልከት» ብሎ፣ ደወል ሲደወል ወደ ሒሳብ ክፍል መስደድ፣ ሸክሙን ፈትቶ መንገድ ላይ እንደ መተው ይመስለናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ለብቻው የሚያዳምጠው አማካሪ ያስፈልገዋል።

ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ተማሪም ትንፋሽህን ተከታተል ቢባል፣ የሚከታተለው ሆዱን ነው። ትልልቆቹ ልጆች የሚሰደቡበት ግቢና አንድ ፈተና ዕድሜ ልክን የሚወስንበት ሥርዓት በትንፋሽ አይስተካከሉም። ጥሞና የእነዚህ ሽፋን እንዲሆን አንሻም።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመዘጋጀቱ በፊት ልጆቹ ይጠየቁ እንላለን፤ ምን እንደሚያስጨንቃቸው፣ መቀመጥ ይሻላቸው እንደ ሆነ ወይስ መሮጥና መዘመር። የሚፈልግ ይግባ፤ የማይፈልግ ያለ ወቀሳ ይውጣ። ሃያ ፈቃደኞች ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ለወራት ቢለማመዱ፣ በግዴታ ከተቀመጡ ስድሳ ልጆች የተሻለ ፍሬ ይሰጣሉ ብለን እንገምታለን፤ ግምታችንንም ለመፈተን ዝግጁ ነን።

በመካከላችን ለማስተማር ልምምድ የሚወጡ ጓደኞች አሉ። የጥሞና ትምህርት እንዲሰጡ ከታዘዙ፣ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቻቸው ባዶ ወረቀት ያድሉልን። ስም ሳይጻፍበት ልጆቹ የሚሉትን ይጻፉ። «አሰልቺ ነው» የሚለውም መልስ ሳይጣል ከሌሎቹ ጋር ተቆጥሮ ይምጣልን።