ድመት አመሏን ከረሳች

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ተረቱ የሚወረወረው ለሰው ነው። ባለፈው ክረምት ሰቆጣ አያቴ ጋ ስከርም ግን ነገሩ የእውነት ስለ ድመት ሆነ።

የአያቴ ድመት 12 ዓመቷ ነው። ቀን ምድጃ ዳር ትተኛለች፣ ሌሊት ጎተራውን ትጠብቃለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለወጠች። ሌሊት ትጮኻለች፣ አልጋ ሥር ትደበቃለች፣ ያለ ቦታዋ ትሸናለች። አያቴ ሊያነሷት ሲሉ እጃቸውን ነከሰቻቸው።

ጎረቤት ወዲያው ፈረደ። «ምን ገባባት? አርጅታ ከፍታለች፣ ወስዳችሁ ጣሏት!»

እኔ ግን ተረቱን ገልብጠን እንስማው እላለሁ። ድመት አመሏን የማትረሳ ከሆነ፣ በድንገት የረሳች ቀን አንድ ነገር አግኝቷታል። ድመት ሕመሟን መደበቅ ታውቅበታለች፤ «አመመኝ» የምትለው በአመሏ ነው።

15 ዓመት የሞላት ድመት በሰው ዕድሜ ወደ 76 ትጠጋለች። ውሃ ካበዛችና በየቦታው ከሸናች ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። እየበላች ከከሳችና ዕረፍት ካጣች ታይሮይድ ይጠረጠራል። መዝለል ከተወች መገጣጠሚያዋን አሟት ይሆናል። የሌሊት ጩኸት ከደም ግፊት፣ ከጆሮ መድከም ወይም እንደ ሰው ከመርሳት ችግር ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉም በፊት ግን ንክሻው አይናቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ አይድንም። የአያቴን እጅ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን ጤና ጣቢያ ሄድን። ድመቷንም ሳንነካ ክፍል ውስጥ ዘግተን 10 ቀን ተመለከትናት። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ ስትነክስ ቫይረሱ በምራቋ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። እሷን እያየን ነው ብሎ ክትባት ማዘግየት ግን አይገባም።

አስራ አንደኛው ቀን ላይ በካርቶን ይዣት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። «ለድመት ነው የመጣኸው?» ብሎ ሳቀ። አፏን ሲከፍት ግን ሳቁን ተወ፤ መንጋጋዋ በስብሶ ድዷ አብጧል። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥርሷን ነበር የሚያማት።

ሳቁ ገብቶኛል። በሬና ፍየል ሲታመም ክሊኒክ እንሮጣለን፣ ምክንያቱም ሀብት ናቸው። ማሽላውንና ገብሱን ከአይጥ የምታተርፈውን ግን ከሀብት አንቆጥራትም። ድመቱን የጣለ ቤት ነገ የአይጥ መርዝ ይገዛል። ያ መርዝ ደግሞ የተመረዘ አይጥ የበላችውን የጎረቤት ድመት ሊገድል ይችላል። ታዲያ ምን አተረፍን?

እናንተም ቤት አሮጊት ድመት ካለች ስልካችሁን አውጡ። አረማመዷን፣ አበላሏን፣ ጩኸቷን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ለውጡ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ለሐኪም ከአስር ሰው ግምት ይበልጣል። ፓራሲታሞል ግን እንዳትሰጧት፤ ለድመት መርዝ ነው።

አያቴ አሁን ድመቷ ስትጮኽ «ምን ገባባት?» አይሉም። «ምን አመመሽ?» ይሏታል። ከዚህ ጥያቄ እንጀምር።