ሦስት ሸክላና አንድ ዝምተኛ ልጅ

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ ነው። «ሲስተር፣ ደም ግፊቱንና ክትባቱን ትተው ዘፈን ውስጥ ገቡ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታገሡኝ፤ ወጉ ዞሮ ዞሮ መድኃኒት ከምናስቀምጥበት መሳቢያ መድረሱ አይቀርም።

ነገሩን ያነሣሁት አንዲት አያት ስለጠየቁኝ ነው። የልጅ ልጃቸው ክፍሉን ዘግቶ ጊታር ሲነካካ ይውላል። የሚያዳምጠውም ኒክ ድሬክ የሚባል፣ በወጣትነቱ የሞተ ፈረንጅ ነው። «ዘፈኑ ሁሉ ሐዘን ነው፤ ልጁን እንዳያሳምምብኝ ጊታሩን ልውሰድበት ወይ?» አሉኝ። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሰውየውን ልወቀው ብዬ ሥራዎቹን ሰማሁ፣ ስለ እሱ የተጻፈውንም አነበብኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኒክ የተወለደው በ1948 በርማ ውስጥ፣ ራንጉን ከተማ ነው። አባቱ አቶ ሮድኒ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሥራቸው ነው እዚያ የወሰዳቸው። ቤተሰቡ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ከበርሚንግሃም ብዙም በማይርቅ ታንዎርዝ ኢን አርደን በሚባል መንደር ተቀመጠ። ታላቅ እህቱ ጋብሪኤል ስትሆን እሷም አድጋ የታወቀች ተዋናይ ሆናለች።

እናቱን ግን እንዲህ በአንድ መስመር አላልፋቸውም። ወይዘሮ ሞሊ ፒያኖ ይጫወታሉ፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው እየደረሱ ይዘፍናሉ። ዘፋኝ ነኝ ብለው ሸክላ አላሳተሙም። በ1950ዎቹ ባለቤታቸው ቤት ውስጥ በቴፕ ሪከርደር ቀዷቸው፣ ክሩም ዓመታት ተቀመጠ። ለሕዝብ የደረሰው እሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው። ያንን የሰማ ሰው የልጁ ዘፈን ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ አይቸገርም። ያ የተረጋጋ አዘፋፈን፣ ያ ትካዜ፣ ዜማው ባልጠበቁት በኩል መታጠፉ ሁሉ እናትየው ዘንድ አለ። ቡና እየቆላችሁ የምታንጎራጉሩ እናቶች፣ «እኔ ስለ ሙዚቃ ምን አውቃለሁ» አትበሉ። ልጅ ከሥር ሆኖ ይሰማል።

ኒክ በትምህርት ቤት ፒያኖ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን ተጫወተ። ጊታር የያዘው ዘግይቶ ነው። በ1967 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መማር ጀመረ። ለንደን ውስጥ በአንድ ዝግጅት ሲጫወት የታዘበ ሙዚቀኛ፣ ጆ ቦይድ ለሚባል ወጣት አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ጠቆመውና የመጀመሪያው ሸክላ ሥራ ተጀመረ።

ዘመኑ የኤሌክትሪክ ጊታርና የከበሮ ዘመን ነው። ልጁ የፈለገው ግን ሌላ ነው። ፈረንጆች ቻምበር የሚሉት የሙዚቃ ዓይነት አለ፤ ለትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ለአንድ ክፍል የሚሠራ፣ ጥቂት ሰዎች በቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ እየተደማመጡ የሚጫወቱት። ኒክ ዘፈኖቹን ይህን ልብስ ሊያለብሳቸው ፈለገ። መጀመሪያ ልምድ ያለው አቀናባሪ ተቀጠረለት። ኒክ የተሠራለትን ሰማና አልወደደውም። ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገር የሚከብደው ይህ ዓይን አፋር ልጅ፣ በዚህ ጉዳይ ግን ፍንክች አላለም። የሰውየው ሥራ ቀረ፤ በምትኩ ካምብሪጅ የሚማር ጓደኛውን፣ ሮበርት ከርቢን፣ አቀረበ። ከርቢ የሙዚቃ ተማሪ እንጂ ስቱዲዮ የማያውቅ ጀማሪ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ተጠራጠረ። ተጫዋቾቹ የከርቢን ወረቀት ፊታቸው ዘርግተው መጫወት ሲጀምሩ ግን ጥርጣሬው አበቃ።

መስማት የምትፈልጉ ካላችሁ «ዌይ ቱ ብሉ» ከሚለው ጀምሩ። ጊታር እንኳ የለበትም፤ የልጁ ድምፅና ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ቀጥሎ «ሪቨር ማን»ን ስሙ። ይህኛው ከርቢን ስለከበደው ለፊልም ሙዚቃ ይደርሱ የነበሩት ሃሪ ሮቢንሰን አቀናበሩት። ብዙ ዘፈን በሦስት ወይም በአራት ምት ይቆጠራል፤ ይህ በአምስት ነው የሚሄደው። ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ጠረጴዛ እየመታችሁ ቁጠሩት፤ ጥሩ ጨዋታ ነው።

ያ ሸክላ በ1969 ወጣ። በዚያው ዓመት ኒክ ለመመረቅ አንድ ዓመት እንኳ ሳይቀረው ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ሄደ። አባትየው ዲግሪው ለክፉ ቀን ይሆንሃል፣ ጨርሰው እያሉ በደብዳቤ ለመኑት፤ አልሰማም። እኔ አባትየው ላይ አልፈርድም፤ ሁላችንም ያንን ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። ልጁ ላይም አልፈርድም።

ሁለተኛው ሸክላ በ1971 ሲወጣ ነፋስ መሣሪያዎችና ከበሮ ተጨምረውበት ደመቅ አለ። አልተሸጠም። ሦስቱም ሸክላዎቹ ሲወጡ እያንዳንዳቸው ከ5,000 ቅጂ በታች ነው የሄዱት ይባላል። አንዱ ምክንያት መድረክ ነው። ኒክ ለየዘፈኑ የጊታሩን ክር እንደ አዲስ ይቃኝ ነበር፤ የክራር ቅኝት መቀየር በሉት። ዘፍኖ ይጨርስና አንገቱን ደፍቶ መቃኘት ይጀምራል። ታዳሚው ወሬውን ይቀጥላል፤ እሱም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ኋላም መድረኩን ተወው።

ሦስተኛው በ1971 ጥቅምት በሁለት ሌሊት ተቀዳ። ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት እሱና የድምፅ መሐንዲሱ ጆን ዉድ ብቻ ናቸው። ቫዮሊን የለ፣ ከበሮ የለ፤ ድምፁ፣ ጊታሩና አንድ ዘፈን ላይ ጠብ ጠብ የሚል ፒያኖ ብቻ። ጠቅላላው 28 ደቂቃ ገደማ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ታዲያ ሦስቱን ሸክላዎች እንደ ሕመም መዝገብ ያነቧቸዋል። መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ነበር፣ አጀብ በዛለት፤ ሲታመም ብቻውን ቀረ ይላሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ በድባቴ የተያዙ ሰዎች አይቻለሁና ይህን ንባብ አልቀበለውም። ድባቴ ዘፈን አይደርስም። ድባቴ ጊታሩን ከእጅ ያስጥላል፣ ሳሙናና ውኃ ያስጠላል፣ ከአልጋ መነሣትን ተራራ ያደርጋል። ቀጣዩን ሥራ ከመሐንዲሱ ጋር ብቻ ለመሥራት ማሰቡን ኒክ ቀደም ብሎ ተናግሮ ነበር። አስቦ የመረጠውን፣ ጣቱ ሳይሳሳት በሁለት ሌሊት የጨረሰ ሰው በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። የሕመሙን ልክ ለማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ዘፈኑን ተዉና ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ተመልከቱ።

ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። ቀናትን ሳይናገር ያሳልፋል። መኪና ይዞ ይወጣና ነዳጁ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ከዚያ ወደ ቤት ይደውላል፣ መጥተው ይወስዱታል። በ1972 አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። አባትየው የልጃቸውን ውሎ በማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር። ዛሬ ምን በላ፣ ተናገረ ወይስ አልተናገረ እያሉ። የታመመ ልጅ አጠገብ ያደረ ወላጅ ይህን ይረዳዋል። አስፕሪንና ሌላውንም ክኒን ከዓይኑ ይደብቁ ነበር። በ1974 ኅዳር 25 ቀን እናትየው ክፍሉ ውስጥ ሞቶ አገኙት። ምክንያቱ ለድባቴው ሐኪም ያዘዘለት አሚትሪፕቲሊን ከልክ በላይ መወሰዱ ነው። መርማሪው ራሱን አጠፋ ብሎ መዘገበ፤ ይህን የሚጠራጠሩ የቅርብ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ለአያትየው የሰጠሁትን መልስ ልንገራችሁ። ጊታሩን አይውሰዱበት። የሐዘን ዘፈን መስማት በሽታ አይደለም፤ ያዘነ ልጅ የሚያዋየው ሰው ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ይልቅ በሩን አንኳኩና ዘፈኑን አብራችሁ ስሙ። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ጊታሩ አቧራ የለበሰ ዕለት ነው። የሚወደውን ነገር ከተወ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ገላውን መታጠብ ከተወ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል። ጠበሉንም የሚፈልግ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ስለ ሞት ካወራ ወይም ከተጠራጠራችሁ፣ ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። ብዙ ወላጅ «ያላሰበውን አሳስበው ይሆን?» ብሎ ይፈራል። በመጠየቅ ሐሳቡ አይገባም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ጠያቂ በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። አስቤአለሁ ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን መሳቢያው ጋ ደርሰናል። አሚትሪፕቲሊን እኛም አገር በብዛት ይታዘዛል፤ ለድባቴ ብቻ ሳይሆን በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ይሰጣል። ስለዚህ የእናንተው ቤት ሊኖር ይችላል፤ ለእግር መደንዘዝ ተብሎ ለአያት የታዘዘው። በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ለብዙ ሰው የበጀ መድኃኒት ነው፤ ፈርታችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ከልክ ሲያልፍ ግን የልብን አመታት ያውካል፤ ለሕፃን ልጅ ጥቂት ክኒን እንኳ አደገኛ ነው። ቆልፉበት። ቤት ውስጥ በድባቴ የሚታከም ሰው ካለ መድኃኒቱን አንድ ሰው ይያዘው፤ ሐኪሙንም በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እንዲያዝ ጠይቁት። የተረፈውን ለጎረቤት አታውሱ።

እነ አቶ ሮድኒ በነበራቸው ዕውቀት የሚችሉትን አድርገዋል። የደበቁት አስፕሪን ነበር፤ የበረታው ሌላው ሆነ። ከልጃቸው ሞት በኋላ ሸክላዎቹን የወደዱ ወጣቶች ከሩቅ አገር ሳይቀር ያንን በር ማንኳኳት ሲጀምሩ አልመለሷቸውም። አስገብተው አስተናገዷቸው፤ ክፍሉን አሳዩአቸው፤ ቤት የቀሩ ክሮችን ቀድተው የሰጧቸውም አሉ። አባትየው በ1988፣ እናትየው በ1993 አረፉ። ከዚያ በኋላ፣ በ1999፣ ከመጨረሻው ሸክላ አንድ ዘፈን በአሜሪካ ለመኪና ማስታወቂያ ዋለና ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ሕዝብ ሸክላዎቹን መግዛት ጀመረ።

በ2007 ደግሞ ከቤት ከተቀዱት የተመረጡ ወጡ። እዚያ ውስጥ እናትየው በፒያኖ ይዘፍናሉ፤ ኒክና ጋብሪኤል አንድ ዘፈን አብረው ይዘፍናሉ። እኔ ደጋግሜ የምሰማው ግን ዘፈን የሌለበትን አንዱን ነው። የሞዛርት ሥራ ነው፤ አክስቱ ቪዮላ፣ አጎቱ ፒያኖ፣ ኒክ ደግሞ ክላርኔት ይጫወታል።