በዓይን ስለማይታየው የሕፃናት ምግብ መርዝ

ስለ ንጽሕና በተነገረ ጊዜ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ዝንብ፣ አቧራና ያልታጠበ እጅ ነው። እነዚህ በእውነት የሕፃናት ጠላቶች ናቸው፤ ነገር ግን በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ትጉ እናት ልትከላከላቸው ትችላለች። በወተት ውስጥ ተሰውሮ የሚገባው መርዝ ግን ቀለሙ አይለይም፣ አይሸትም፣ በምላስም አይታወቅም። ወተቱን ብናፈላው እሳት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእናት ላይ መጣል ፍርድ ማዛባት ነው እንላለን።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ከሚመጣባቸው ስፍራዎች 110 ናሙናዎች ተወስደው ተመርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አግኝቷል። የአውሮፓ አገሮች ከወሰኑት 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ የዚያን ዐሥር እጥፍ እንኳ አልፈው ተገኝተዋል። መነሻው የላሚቱ መኖ ነው። በእርጥብ ቦታ የተከማቸ የኑግ ፋጉሎ ይሻግታል፤ ላሚቱ ትበላዋለች፤ መርዙም በሰውነቷ ውስጥ ተለውጦ ወደ ወተቷ ይተላለፋል። ይህ መርዝ ለብዙ ጊዜ የተወሰደ እንደሆነ ጉበትን ይጎዳል፤ የካንሰርም ምክንያት ይሆናል። እንግዲህ በአያት ሱቆች የሚሸጠው ወተት ደኅንነቱ የሚጀምረው ከሱቁ ሳይሆን ከመኖው መጋዘን ነው።

ከሻጋታ ሌላ የሰው ስስት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና አገር፣ በውኃ የቀጠነ ወተት ፕሮቲን የሞላበት መስሎ እንዲታይ ሜላሚን የተባለ ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል ኬሚካል ተጨመረበት። የምርመራው ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅንን እንጂ ፕሮቲኑን ራሱን ስላልነበረ በቀላሉ ተታለለ። በሕፃናቱ ኩላሊት ጠጠር ተፈጠረ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ ታመሙ፤ 6 ሞቱ። ወላጆቻቸው የገዙት የታሸገና የታወቀ ምልክት ያለበት ዱቄት ነበር። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደረጃ ጉባኤ በሕፃናት የወተት ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ሜላሚን በኪሎ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የወሰነው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሕጉ የደረሰው ከሞቱ በኋላ ነበር።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቁጥጥሩን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ወተት አይመረምርም። በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ምርመራው ከመኖው ጀምሮ እስከ ሱቁ ድረስ ሳይቋረጥ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በየጊዜው ለሕዝብ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ገበሬው ከመቀጣቱ በፊት መኖውን በደረቅ ቦታ ማኖርን ይማር። ውጤቱ የተገለጸ እንደሆነ ገበያው ይበላሻል የሚሉ አሉ። ገበያን ይበልጥ የሚያበላሸው ግን ለብዙ ጊዜ ተደብቆ የኖረ ነገር በድንገት ሲገለጥ ነው።

መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሁሉ ለጎረቤቶቻቸው ሊያስረዱ የሚገባቸው አለ። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ሐኪም የቆርቆሮ ወተት ያዘዘለት እንደሆነ፣ ገዢው እሽጉንና የተጻፈበትን ቀን ይመርምር፤ ደረሰኙንም ይያዝ። ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የወተት ዱቄት ለጨቅላ ሕፃን ምትክ አይሆንም። የተጠራጠረ ሰው ቆርቆሮውን ሳይጥል ለጤና ጽሕፈት ቤት ያሳይ። አድገው ምግብ የጀመሩት ልጆች ግን በፍርሃት ወተትን ጨርሰው እንዲተዉ አንመክርም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሕፃን ግን መጠርጠር አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚጠረጥር ወላጅ፣ የሚመረምር መንግሥትና የማይታክት ሕግ ሊኖረው ይገባል።