መርከብ የማይደርስባት ወደብ

ጅቡቲ ከተማ መሃል ቅስት ባላቸው ነጫጭ በረንዳዎች የተከበበ አደባባይ አለ። የመንግሥት ስሙ «የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ» ነው፤ ሀገሪቱ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበት ዕለት መታሰቢያ። የከተማው ሰው ግን የድሮ ስሙን አልተወውም፤ «ምኒልክ አደባባይ» ይለዋል። ፈረንሳዮች ከቀድሞ መቀመጫቸው ከኦቦክ ተነሥተው ባሕር ዳር የቆረቆሯት የቅኝ ግዛት ወደብ፣ እንብርቷ ላይ የደጋ ንጉሥ ስም ይዛ ቀርታለች። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ እግረ መንገዱን ሐሙዲ መስጊድን ያያል፣ በሙቀቱ ይማረራል፣ ይመለሳል።

የዚያች ወደብ ታሪክ ሌላው ጫፍ አቃቂ ላይ መሆኑን የሚያስታውስ ጎብኚ ግን ከስንት አንድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ እዚያም የኩባንያው ገንዘብ አለቀ። ችግሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ንጉሡ በገዛ አገራቸው የሚያልፈው መንገድ በፈረንሳይ መንግሥት እጅ መውደቁ አላማራቸውም፤ እንግሊዝና ጣሊያንም በየፊናቸው ጥቅማቸውን ይከታተሉ ነበር። አሮጌው ኩባንያ ፈርሶ አዲስ እስኪቋቋም ሀዲዱ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ከዚያ በኋላ አዋሽን ተሻግሮ ሽቅብ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ገባ። ለዋና ከተማዋ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ያቺን 23 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እየታመሰች ነበር፤ አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1917) ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባሕር የተነሣው ሀዲድ የሚያልቀው አቃቂ ላይ ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ሰውም ዕቃም እንደ ጥንቱ መጨረስ ነበረበት። መርከብ ደርሶባት አያውቅም እንጂ፣ ዕቃ የሚራገፍባትና መንገደኛ የሚወርድባት ቦታ ወደብ ከተባለ አቃቂም ወደብ ነበረች።

ቃሉ ራሱ ምስክር ነው። «ባቡር» በዐረቡም አገር በእንፋሎት የሚሄድ የባሕር መርከብ ስም ነበር። «የምድር ባቡር» የሚለው አባባል አሁን ትርፍ ቃል የተጨመረበት ይመስላል፤ የባሕሩን ለሚያውቅ ሰው ግን «ምድር» ማለቱ የግድ ነበር። «ለገሃር»ም ቢሆን የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ በአማርኛ አፍ ተሟሽቶ የቀረ ነው። ሌላው ወደቡን ለማየት አገር ያቋርጣል፤ አዲስ አበቤው ታክሲ ረዳት ላይ «ለገሃር» ብሎ በጮኸ ቁጥር ወደቡን በአፉ ይዞ ይዞራል።

ከሀዲዱ በኋላም አቃቂ ታሪክ አላጣችም። ከሀገሪቱ ቀደምት የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያዎች አንዱ የቆመው እዚሁ ነው። የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሲሆን የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነበር። ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ራሷ ወረረችና፣ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ካሰማችባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጣሊያን ሠራሽ ሆኖ አረፈው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ወደ ስደት የወሰደው ባቡርም ጅቡቲ የደረሰው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከዚያ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሕሩን ተሻገሩ፤ ከአዲስ አበባ በወጡ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማዋ ገባ።

ወራሪውም በበኩሉ አሻራውን ትቶ ሄዷል። በአቃቂ ወንዝ ላይ በወረራው ዘመን የተሠራው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ሥራዎች አንዱ ነው። ለረጅም ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። በዛሬ ሚዛን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በግድቡ የተጠራቀመውን ሐይቅ እምቦጭ ባይወረውና የከተማው ፍሳሽ ባይወርድበት ኖሮ ለእሑድ ከሰዓት የሚሆን ቦታ ነበር።

አቃቂ ዛሬ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለችው በፋብሪካዋ፣ በጭነት መኪናዋና በአቧራዋ ነው። አስጎብኚዎችም እንግዳ ጭነው በዚህ ሲያልፉ ዐይናቸው ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሀዲዱንና ወንዙን ተከትለው የመጡ ስለሆኑ የዚሁ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ናቸው። ሙዚየም ለመሥራት በጀት የለም ቢባል እንኳ፣ ሀዲዱ ሁለት ዓመት የቆመበትን ቦታ የሚያመለክት አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ምን ያህል ያስወጣል? ድሬዳዋ መንገዱን አሳይታለች። የድሮው የባቡር መጠገኛዋ እስከ ነባር ማሽኖቹ ለጎብኚ የሚታይ ሆኗል፤ ፈረንሳይኛ ከሥራው ጋር የለመዱ አንጋፋ ሠራተኞችም ቦታውን ሲያስጎበኙ ኖረዋል። የአቃቂ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ግን እስካሁን ሰብሳቢ አላገኘም።

የአሁኑ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሀዲዱም ሰፊ ነው፤ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። መንገደኛውን ፉሪ ለቡ ያወርዳል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣው ግን መሃል ከተማ አይገባም፤ ከአቃቂ ብዙም ሳይርቅ እንዶዴ ላይ ያራግፍና የቀረውን መንገድ ለጭነት መኪና ይተወዋል።